ሹሙን የሚሽሩ አያቶች

የዓለምወርቅ ጓደኛዬ፣ ከካልጋሪ እንደምን ሰነበትሽ!

ያረፍኩት ማርልቦሮ፣ ወንድሜ መንገሻ ቤት ነው። ልጁ ኑሃሚን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአማርኛዋ ስለምታፍር ሁለት ሳምንት ሙሉ ከ«ሃይ አክስቴ» አላለፈችም ነበር። ዛሬ ላይብረሪ ወሰደችኝና በዚህ አገር ምሥራቅ በኩል ስላሉት ነባር ሕዝቦች፣ ስለ ኢሮኳዎች፣ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ አወጣች። ሥዕሉ ላይ የአጋዘን ቀንድ ያለው ቆብ የደፋ ሰው አየሁ።

«ይሄ ማነው?» አልኳት።

«ቺፉ ነው። ግን ባድ ከሆነ ሴቶቹ ፋየር ያደርጉታል!»

«የትኞቹ ሴቶች?»

«አያቶቹ! ቀንዱን ይወስዱበታል። ሪሊ!»

እኔና አንቺ ባደግንበት አገር ሽማግሌዎች ሲሰየሙ ሴት መሀላቸው ተቀምጣ አይተን አናውቅም። ስለዚህ ሹሙን አያቶች ይሽሩታል ስትለኝ አላምን ብዬ በጥያቄ አጣደፍኳት። ማን ይሾመዋል? እነሱው። ዝም ብለው ይሽሩታል? የለም፣ መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ይመክሩታል። ቃል ሲጠፋት በእጇ እያሳየች አንድ ሰዓት ሙሉ በአማርኛ አስረዳችኝ።

እራት ላይ ለአባቷ ስትደግምለት፣ አማርኛዋን ሊያርም አፉን ሲከፍት በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እኛ ጋስ አያቶች ማንን ፋየር ያደርጋሉ?» አለችኝ።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝና ይህንኑ ጠይቂያቸው። መልሱን በትልልቁ ጻፊው፤ ኑሃሚን ራሴ አነበዋለሁ ብላለች።

ሰርክአዲስ