የአባትሽ የባትሪ ድንጋይ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ እናት? “እኛ ደህና ነን” ብዬ ልጀምር አሰብኩና እጄ እምቢ አለኝ። ስቀመጥ ስነሳ ነው የዋልኩት። አባትሽ በስልክ “ጥሩ የባትሪ ድንጋይ ላኪልኝ” ያለሽን ተይው፤ እንዳትልኪ።

የከተማው ውሃ የሚያልፍበትን የምድር ውስጥ ቦይ ሲፈትሽ ስለኖረ፣ ለእጅ ባትሪው ያለውን ጥንቃቄ ታውቂዋለሽ። አሮጌ ድንጋይ ከአዲስ ጋር አይቀላቅልም፤ አሮጌው አዲሱን ያደክመዋል ይላል። ከሥራ ሲመለስ ድንጋዮቹን አውጥቶ ጫፋቸውን በደረቅ ጨርቅ ይወለውላል። ነጭ ዱቄት የተፋ ድንጋይ ካየማ ቤቱን ያናውጠዋል! ከክረምቱ ወዲህ ግን “ይሄ ባትሪ ደከመ” ማለት አመጣ። ድንጋይ ቀየረ፤ አሁንም ደከመ። “ጊዜው ያለፈበት ነው የሸጥክልኝ” ብሎ ከባለሱቁ ተጣላ። ባለሱቁ የታተመውን ቀን ቢያሳየው፣ ሳያነበው ጥሎት ወጣ።

ትናንት ቦይ ውስጥ ወደቀ። አትደንግጪ፣ ጉልበቱ ተልጦ ነው እንጂ ሌላ ክፉ ነገር አላገኘውም። አብሮት የሚሠራው ቀጮ ደግፎ ካመጣው በኋላ በር ላይ ቀረት ብሎ፣ “እትዬ፣ ባትሪው እኮ በደንብ በርቶ ነበር። እኔ ከኋላ ሆኜ የወደቁበትን ጉድጓድ አይቼዋለሁ” አለኝ።

አባትሽ ቁስሉን ሲታጠብ ባትሪውን ይዤ ዕቃ ቤት ገባሁ፤ በሩን ዘግቼ አበራሁት። ልጄ፣ የግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እዚያው ጆንያ ላይ ዘፍ አልኩ።

ስወጣ ደጅ ቆሟል።

“ደክሟል አይደል?” አለኝ።

“አልደከመም።”

ከእጄ ተቀብሎ መብራቱን ፊቱ ላይ ደገነው። “ጢስ ይመስላል” አለ ቀስ ብሎ። “ሁሉም ነገር ጢስ ይመስላል። ከቦይ ሥራ ካስወጡኝ ታዲያ ምን ልሆን ነው?”

ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብዬ ብለምነው “ነገ” አለ። ዛሬም “ነገ” አለ። እኔ ግን ለሐሙስ ወረፋ ይዤለታለሁ፤ ገና አልነገርኩትም። የዓይን ሞራ ከሆነ ይነሳል ይላሉ። ሌላ ከሆነስ? እያልኩ ስባዝን ነው የምውለው። እባክሽ ደውዪለት፤ አንቺን እምቢ ብሎ አያውቅም።

አሁን ገብቶ “ለማን ነው የምትጽፊው?” አለኝ።

“ለልጅህ።”

“እሷን አታስጨንቂያት። ድንጋዩን እዚሁ አግኝቷል፣ ባትሪውም ደህና ነው በያት።”

ይህን ሲለኝ ፊቱን ያዞረው፣ ከጎኔ ወዳለው ባዶ ወንበር ነበር።

እግርሽን እንቅፋት አይምታው። የወጣሽበትን አሳክቶ በሰላም ያገናኘን።

እናትሽ