ድምጿ ያላማረህ ሚግ

ይድረስ ለማከብርህ ወንድሜ፣ ቢሾፍቱ።

ሰላምታዬ ከነቤተሰብህ ይድረስህ። ልብህ እንዴት ናት? መድኃኒቱን ትውጣለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሐኪሙን ትዋሸዋለህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጋራዤም አልተዘጋም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን ወደ ወሬው። ሚጋችንን፣ ያቺን የጦር አውሮፕላናችንን አገኘኋት! ወደ እንጦጦ መውጫ አዲስ መናፈሻ ተከፍቶ፣ አምጥተው ሲሚንቶ ላይ ተክለዋታል። እሁድ ልጄ ሠናይት ከባሏ ከነአምንና ከልጃቸው ጋር ወሰደችኝ፤ የነአምን እናት ወይዘሮ ሸዋረጋም አብረውን ነበሩ። ሰማያዊ ቀለም ለቅልቀዋታል፣ ቁጥሯ ግን ከሥር ይታያል። ሆዷን ዳሰስኩት፤ እሷው ናት።

አስጎብኚዋ ልጅ ታሪኳን አነበበችልን። ከየት እንደመጣች፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለች፤ ከዚያ ደግሞ በሞተር ችግር ተደጋግማ ከበረራ ስለታገደች ከእኩዮቿ ቀድማ ጡረታ ወጣች ይላል ጽሑፉ። ሠናይት ሳቀችና፣ አባዬ፣ ለመሆኑ መካኒኳ ማን ነበር አለችኝ። እሷ ምን ታውቃለች፣ በየትኛዋ ላይ እንደሠራሁ ነግሬያት አላውቅም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። በሙያዬ ከመጡብኝ እንደማልወድ ታውቃለህ።

አንተ አብራሪዋ ምሽግ እንድትደበድብ ስትታዘዝ እንደ ንብ አልነበረም እንዴ የምትዘምረው? ገበያ ወይም መንደር እንድትደበድብ በታዘዝክ ጠዋት ግን፣ ሞተሯን አስነሥተህ መልሰህ ታጠፋና «ዛሬ ድምጿ አላማረኝም» ትለኛለህ። እኔም ከፍቼ ስነካካ ቆይቼ፣ እውነቱን ነው እላለሁ። መካኒክ ካልፈረመ ማን ያስነሣታል? ይሄ አንተን ከሹመት አስቀረህ፣ እኔን የማይረባ መካኒክ አስባለኝ።

የመናፈሻው ሥራ አስኪያጅ ስለ አውሮፕላኗ የሚያውቅ ካለ ጽሑፉን ሳንሰቅለው ያርምልን አለ። ይሄን ሁሉ ዘመን የያዝኩት ነገር አፌ ላይ ደረሰ።

ይሄኔ ወይዘሮ ሸዋረጋ ክንፏን ቀና ብለው አይተው ማውራት ጀመሩ። የተወለዱባትን ከተማ ስም ሲጠሩ ጆሮዬን አላመንኩም፤ አንተ እንድትመታት ታዘህ ለመጨረሻ ጊዜ ሞተር ያጠፋህላት፣ ያቺው ባለ ቅዳሜ ገበያ ከተማ ናት። በጦርነቱ ጊዜ እንዲህ ያለች አውሮፕላን ዓርብ ዞራ አይታቸው ሄደች። ነገ ልትደበድብ ትመለሳለች እየተባለ፣ ሌላ መተዳደሪያ ስላልነበራቸው ያው ገበያ ወጡ። ሳትመጣ ቀረች።

«ነአምንን በሆዴ ይዤ ሚካኤልን ተማጸንኩ፤ ዓይኗን ጋረደልኝ» አሉ። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ስለት ያስገባሉ።

ምን ልበል? ከሚካኤል ጋር ምስጋና ልሻማ? ሥራ አስኪያጁን ጽሑፉን እንዳለ ስቀለው አልኩት። ሠናይት ደግማ ስትጠይቀኝም፣ መካኒኳን አውቀዋለሁ፣ ደህና ሰው ነበር አልኳት።

ይህን የምጽፍልህ ባለፈው በስልክ ዕድሜዬን በከንቱ ጨረስኩ ስላልከኝ ነው። እኔም አንዳንድ ቀን እንደዚያው አስብ ነበር። ሲሻልህ ና፣ አብረን እንውጣ። የልጅ ልጄ ከክንፏ ሥር እየሮጠች ስትጮህ ትሰማታለህ። ድምጿ እንዴት እንደሚያምር!

ሚካኤል ልብህን ያጽናልህ፣ ቤትህን በሰላም ይጠብቅልህ።

መሰላልህን ሲይዝልህ የኖረው ወንድምህ