ሐምዲያ ያነበበችልኝ መጽሐፍ

ለምሳሳልሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ያመመሽ ተሻለሽ ወይ? ክረምቱንስ እንዴት ተወጣችሁት፣ ጣሪያው አፈሰሰ ወይስ አስጠገናችሁት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ወባው ዘንድሮ ሰፈሩን ሁሉ ሲያንቀጠቅጥ እኛን አላህ አለፈን። የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ ዘንቦ ሲያባራ እንኳ ከመሬት የሚነሣው ወላፈን ነው።

ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። መንገዱም ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል። ይህን የምጽፍልሽ ሚኒባስ የሚነዳው ግርማ፣ ካራቆሬ መድረስ የሚቻልበት ቀን ሲገኝ አደርስልሻለሁ ስላለኝ ነው። ከእናንተ ዘንድ ያመጣልኝ ወሬም አለ፤ እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ግን እንዴት እንደከረምኩ ልንገርሽ፤ ይህን ካልሰማሽ የምለምንሽ ነገር አይገባሽም።

ሙዐዊያ ክፉ ባል አይደለም። ከዚህ በፊትም ብየሻለሁ፣ አሁንም የምለው እሱኑ ነው። ሽንኩርትና ማሾውን ይነግዳል፣ ቤቱን አይረሳም፣ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ግን መንገዱ ላይ ተኩስ ከተሰማ ጀምሮ ሰው ሁሉ ፈራ፤ የሱ ፍርሃት ደግሞ በቁልፍ ወጣ። ጠዋት ሲሄድ የግቢውን በር ከውጭ ይቆልፈዋል። «ለእናንተው ብዬ ነው» ይለናል። ይሁን። እኔ ግን እናቴ፣ ያ የቆርቆሮ በር ሲገጠም በሰማሁ ቁጥር ትንፋሽ ያጥረኛል። ከግቢው ሆኜ የማየው የጎረቤቱን ማንጎ ጫፍና ሰማዩን ነው። ባጃጅ ሲያልፍ ድምፁን እሰማና፣ ማን ይሆን የተሳፈረው፣ ወዴት ይሆን የሚሄደው እያልኩ እውላለሁ።

ክረምቱን ከኔ ጋር የተቆለፈባት ከሟች ሚስቱ የወለዳት ልጁ ሐምዲያ ናት። ሰባተኛ ክፍልን ጨርሳ ነው ትምህርት ቤት የተዘጋው። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። የምትፈልገው ነገር ካለ መጥታ ፊቴ ትቆምና ትናገራለች እንጂ አትጣራም። አልፈርድባትም፤ የእናቷን ጓዳ የያዝኩት እኔ ነኝ።

የአማርኛ አስተማሪያቸው እትዬ ዓለምፀሐይ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች የክረምት ንባብ ሰጧቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መጽሐፍ። ልጁ ግን ለብቻው አያነብም፤ ከቤቱ አንድ ሰው ይመርጥና ጮክ ብሎ ያነብለታል። ክረምቱ ሲያልቅ ሁለቱም ትምህርት ቤት ይመጣሉ፤ ልጁ ስለ መጽሐፉ ይናገራል፣ አዳማጩም የሰማውን ይናገራል። አባቷ ጊዜ የለውም፣ ሌላ ሰፈር ያሉት አያቷ ጆሯቸው አይሰማም። ሐምዲያ እየከፋት እኔን ያዘች።

መጽሐፉ ከአሰብ ጭነት ስለምታመላልስ አንዲት ሾፌር ነው። የመጀመሪያ ቀን ጀርባዋን ሰጥታኝ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና ቃሉን እንደ ጠጠር ትወረውርብኝ ጀመር። ረጅም ቃል ሲገጥማት ዘላው ታልፋለች። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። አንዴ ስትዘል አለፍኳት። ስትደግመው ግን «እዚያ ጋ የዘለልሽው ቃል አለ» አልኳት።

ዞር ብላ «በምን አወቅሽ?» አለችኝ።

«ነገሩ አነከሰብኝ» አልኳት።

መጽሐፉን አምጥታ ጭኔ ላይ ጣለችውና «እስቲ አንቺ አንብቢው» አለች። እጄን በቀሚሴ ጠረግኩና አነበብኩላት። እናቴ፣ ከሰባተኛ ክፍል ካስወጣችሁኝ ወዲህ ጮክ ብዬ ያነበብኩት ያን ቀን ነው። ድምፄ የሌላ ሰው መስሎኝ ደነገጥኩ። ሐምዲያ ትክ ብላ አየችኝና «ማንበብ እንደምትችይ አባቴ ያውቃል?» አለችኝ። ጠይቆኝ አያውቅም አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ሆነ። በሩ ከተቆለፈ በኋላ ሥራዬን አጣድፌ እጨርሳለሁ፣ እሷም ትመጣለች። የሾፌሯ መኪና በረሃ መሀል ሲበላሽ ተጣላን። እኔ ጭነቱን ጥላ ነፍሷን ታድን አልኩ። ሐምዲያ ደግሞ ጭነቱ የሰው አደራ ነው አለች። ተኮራርፈን ምሳችንን ለየብቻ በላን። አመሻሽ ላይ መጣችና «ልቀጥል ወይስ አኩርፈሻል?» አለችኝ። ሳቅኩ። እዚህ ቤት ከመጣሁ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

አንድ ቀን ሙዐዊያ እራቱን በልቶ ሲጨርስ፣ ጀውሃ ያለ አንድ ነጋዴ ሐምዲያን ለልጁ እንደጠየቀው ነገረኝ። «ሠርጉ ማሾው ሲሰበሰብ ነው» አለ። «ዘመኑን እያየሽው ነው። እኔ መንገድ ላይ የሆነ ነገር ብሆን ማን ይጠብቃታል? ባሏ ይጠብቃት። እስከዚያ ሙያ አስይዣት። መጽሐፉንም ትመልሰው።»

እሺ አልኩት። ምን ልበለው? ያንኑ ቃል ከአባቴ አፍ ሰምቼዋለሁ። በኔ ጊዜ ዘመኑ ሰላም ነበር፤ ምክንያቱ ብቻ ሌላ ነበር።

ለልጅቱ አልነገርኳትም። በማግስቱ ስታነብልኝ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ቃሉ አይሰማኝም። «ዛሬ አላዳመጥሽም» ብላ ተቆጣችኝ። ራሴን አሞኝ ነው አልኳት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ልጆቹ የሚናገሩበት ቅዳሜ ቀረበ። ሙዐዊያ እኔ እንደማልሄድ፣ ሐምዲያም መጽሐፉን መልሳ ብቻ እንደምትመጣ ተናገረ። እሷ አለቀሰች፣ እኔ ድስቴን አማሰልኩ። በዚያው ሳምንት አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዓለምፀሐይ ነበሩ፤ ልጆቹን በየቤታቸው እየዞሩ ያያሉ። ከውስጥ ሆኜ «ተቆልፏል» አልኳቸው። «ማን ቆለፈው?» አሉ። ወደ በሩ ተጠጋሁ። እሳቸውም እዚያው ፀሐይ ላይ ቆመው በቆርቆሮው በኩል ስለ መጽሐፉ ይጠይቁኝ ጀመር። የት እንደደረስን፣ በምን እንደተጣላን ነገርኳቸው። ሲስቁ ሰማሁ።

በዚህ መሀል ባጃጅ መጥቶ ቆመ። በበሩ ቀዳዳ ሙዐዊያን አየሁት፤ ቁልፉን ይዞ የሚያደርግበት ጠፍቶታል። እሱንም ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ስለ ቁልፉ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። «ሙዐዊያ ልጄ፣ ቅዳሜ ሦስታችሁንም እጠብቃለሁ» አሉት። «እሺ እትዬ» አለ፤ አንገቱን እንደ ተማሪ ደፍቶ።

ቅዳሜ ሄድን። ዝናቡ የክፍሉን ጣሪያ ሲደበድበው መናገር አልተቻለም፤ እስኪያባራ ተፋጠን ተቀመጥን። ከዚያ ልጆቹ ጀመሩ። አንዱ አጎቱን ይዞ መጥቷል፣ አንዷ እናቷን። የሐምዲያ ተራ ሲደርስ ወረቀት እንኳ አልያዘችም። ሾፌሯን እንደ አክስቷ አድርጋ አወራችላቸው። እኔን ሲጠሩኝ ተነሣሁ። ልናገር ያሰብኩት ሌላ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ይህ ነው፦ «እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ይህች ልጅ ስታነብልኝ ምን እንደቀረብኝ አወቅኩ። እሷ እንዲቀርባት አልፈልግም።»

የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ሼህ ሱሌይማን ከፊት ተቀምጠው ነበር። የጀውሃውን ነገር ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ አላውቅም፤ ወደ ኋላ ዞረው «ሙዐዊያ፣ አንተስ ምን ትላለህ? ልጅህ የስምንተኛን ፈተና ትፈተናለች አይደል?» አሉት። ሰው ሁሉ ዞረ። ሙዐዊያ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ላብ በላብ ሆነ። «ኢንሻአላህ፣ ትፈተናለች» አለ። «እንግዲህ በአላህ ስም ነው ያልከው፤ እኛም ሰምተናል» አሉት ሼሁ።

በባጃጅ ተመለስን። ቤት ስንገባ «በሰው ፊት አሰርሽኝ» አለኝ። መታሰርን እኔን ጠይቀኝ ልለው ነበር፤ ምላሴን ነከስኩ። ቃሉን ግን አላጠፈም። ጀውሃ ላከና ነገሩን አስቀረው። ሐምዲያ ስምንተኛ ክፍል ተመዝግባለች። ጠዋት ይከፍትላትና ትወጣለች፣ ከኋላዋ መልሶ ይቆልፋል። አሁን የምቆለፈው ብቻዬን ነው። ስትወጣ ደስ ይለኛል፤ ከወጣች በኋላ ግን ግቢው ይጠብብኛል።

አሁን ወደ ግርማ ወሬ ልምጣ። ለሩቂያ ሽማግሌ እንደመጣ፣ አባቴም ፊት እንዳልነሣቸው ነገረኝ። እህቴ ገና ስድስተኛን መጨረሷ ነው እናቴ። አትቆጪኝ። እኔን ስትድሪኝ ጓዳ ገብተሽ አፍሽን በነጠላሽ ይዘሽ ስታለቅሽ ሰምቼሻለሁ። ያን ጊዜ ከጎንሽ የሚቆም አጣሽ። አሁን እኔ አለሁልሽ።

ሩቂያን ላኪልኝ። እስከ ሚያዝያ አጠገቤ ሰው ያስፈልገኛል፤ ከዚያም ወዲያ። ለምን እንደሆነ ወንድሜ ሙሳ ስለሚያነብልሽ አልጽፈውም፤ አንቺ ወልደሻልና ይገባሻል። ለሙዐዊያ የነገርኩት በቀደም ነው። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ያን ቀን ሳቀልኝ። «እህትሽ ትምጣና ታግዝሽ» ያለው ራሱ ነው። እኔ ደስ ይበለኝ ልፍራ አላውቅም። ከዚህ ግቢ የመውጣት ሐሳብ ከነበረኝ አሁን እንደራቀ ይገባኛል። አባቴንና ሽማግሌዎቹን ግን ታላቅ እህቷ ሥራ ከብዷት ልትረዳት ሄደች ብትያቸው ማንም አይከለክልሽም፤ ውሸትም አይደለም።

እትዬ ዓለምፀሐይ ከሐምዲያ ሰምተው ለሩቂያ ሰባተኛ ክፍል ቦታ ይዘውላታል። ይህን ለሙዐዊያ ገና አልነገርኩትም። ሼህ ሱሌይማን ባሉበት እነግረዋለሁ።

ሙሳ ወንድሜ፣ ለአባቴ ሰላምታዬን ብቻ አንብብለት፤ የቀረው የእናቴ ነው።

እናቴ፣ አላህ ዕድሜሽን ከጤና ጋር ያርዝመው፤ ለኔም ዱዓ አድርጊልኝ። ግርማ ወደዚህ ሲመለስ ከጎኑ አስቀምጠሽ ስደጃት። የትምህርት ካርዷን በልብሷ መሀል ጠቅልይው፤ አባቴ እንዳያየው።

የበኩር ልጅሽ