ደቻቱ አማርኛ እስኪማር ድረስ

ድሬዳዋ፣ ሐምሌ ፫ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለክቡር የገበያ ሹም፣

ጤናዎ እንደ ደንብዎ የጸና፣ ጉሮሮዎም ማዘዝ የማይታክተው ይሁን እያልሁ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። እኔ በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ሽንኩርት የምቸረችር፣ ፊደልንም ስኳር ከሚጠቀለልባቸው የጋዜጣ ቁራጮች የለቀምሁ ሴት ስለሆንሁ፣ አማርኛዬ ቢያስቀይምዎ ስለ ትልቅነትዎ ይማሩኝ።

በገበያው ከንጹሕ አማርኛ በቀር ሌላ ቃል ጮክ ብሎ የተናገረ ሁሉ እንዲገረፍ በየካቲት ስላዘዙ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ቅመም ሻጯ ፋዱማ በርበሬን በሶማሊኛ ጠርታ ጀርባዋ በአለንጋ ተተልትሏል። ቁስሉ አመርቅዞ አንድ ወር በሆዷ ተኛች፤ የበርበሬን ስም ግን ዳግመኛ አልተሳሳተችም።

፪ኛ/ እርስዎ ለአገሩ እንግዳ ስለሆኑ አልነገሩዎት ይሆናል እንጂ፣ ከተማው ላይ ፀሐይ እያለ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ በድንገት ይወርድብናል። ስለዚህ ከላይ በኩል የቆመ ሰው ጎርፉን ሲያይ በሶማሊኛ «ዳድ!» ይላል፤ የሰማም ሁሉ ዕቃውን ከመሰብሰቡ በፊት ቃሉን ወደ ታች ያቀብላል። ኦሮሞውም ሐረሪውም አማራውም በዚያችው ቃል ሲሸሽ ኖሯል። በግንቦት ወንድሜ ጃማዕ ይህንኑ ጮኸ። ጥበቃዎ ዋበሪ በዱላ አፉን ብሎት መንጋጋው ተሰበረ፤ አራት ጥርሶቹም አሸዋው ላይ ረገፉ። «በአማርኛ ጩኽ፣ አለዚያ ዝም በል» አለው። ጃማዕ ደም እየተፋ በጣቱ ወደ ላይ ጠቆመ፤ ደንቡ ስለ ጣት ስለማይናገር ሁለተኛ ዱላ ተጨመረለት።

፫ኛ/ ከጃማዕ ቀጥሎ የቆመው ሸምሶ ይህን አይቶ ትክክለኛውን ቃል ሲፈልግ ቃሉ ቀረ፣ ውሃው ደረሰ። እህቴ ፋርቱን ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት ትመዝን ነበር። በሦስተኛው ቀን ከድልድዩ በታች ቆፍረን አወጣናት፤ ፊቷን ድንጋይ ስለፋቀው የለየናት በአምባሯ ነው። የተከለከለ ቃል እንዳልወጣት እመሰክራለሁ፤ አፏ አሸዋ ሞልቶት ነበር።

አሁን ደግሞ ክረምት ነው፣ ተራራውም ጠቁሯል። ደንቡን ሁሉ ይሻሩ ብዬ አልዳፈርም፤ የምለምንዎ ያችን አንዲት ቃል ብቻ ነው። እስኪፈቅዱልን ድረስ በቤቴ እንኳ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቀው እኔ በጃማዕ ቦታ ቆሜያለሁ። ውሃውን ባየሁ ጊዜ እጮኻለሁና ዱላው አጠገቤ እንዲቆይልኝ ይዘዙ።

የአንድ ወንድም መንጋጋና የአንዲት እህት ነፍስ ለቋንቋ ጥራት ያበረከተች፣ ሌላ ቢያስፈልግም ራሷን የማትሸሽግ ታዛዥዎ፣

ዑግባድ ሲያድ

ማስታወሻ፦ ያን ዕለት ውሃው ዋበሪንም እስከ ደረቱ ይዞት ነበር። እናቱን የተጣራው በሶማሊኛ ነው፤ ያውም በጩኸት። ሽርጡን ወርውሮ ጎትቶ ያወጣው፣ «እናትህን በአማርኛ ጥራት» ለማለት አፍ ያልቀረለት ወንድሜ ነው። ጥበቃዎ የሚገረፍበትን ቀን ቢያስታውቁን፣ ገበያችንን ዘግተን እንገኛለን።