እናትነሽ በነጻው ሄደች

ሰኞ

ዛሬም በነጻው ሄደች። ባጃጄን አስነስቼ በር ላይ እየጠበቅኳት፣ «አንተ ሂድ፣ ሥራህን ሥራ፤ እኔ በነጻው እሄዳለሁ» አለችኝና ነጠላዋን አስተካክላ ቁልቁል ወረደች። ሰሞኑን እንዲህ ናት።

ነጻው የሚሉት ከመናኸሪያው ተነስቶ በገበያው አድርጎ ሆስፒታሉ ድረስ የሚመላለሰውን ሚኒባስ ነው። ከተማው ለሙከራ ብሎ መሐል ፍኖተ ሰላምን ያለ ክፍያ አደረገው። ረዳት የለ፣ ሒሳብ የለ፤ ገብቶ መቀመጥ ነው። ሚስቴ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ስለምትሠራ በር ላይ ያደርሳታል። ይሁን። እኔን የሚያንገበግበኝ ሹፌሩ ነው። ስመኘው። የቡሬን መስመር ይነዳ የነበረው። ከእኔ በፊት ለእናትነሽ ሽማግሌ የላከው።

ሹፌር ጠፍቶ ነው?

ማክሰኞ

ሥራ ሞቷል። መናኸሪያው በር ላይ የነበረን ተራ ለነጻው ተብሎ ወደ ኋላ ተገፋ። የባጃጅ ሹፌሮች ሁሉ ታላቅ የሆኑት አያ ሞኝሆዴ፣ «ነጻ ነጻ ሲሉ ሰምቼ እኔም ነጻ ወጣሁ፤ ከሥራዬ» ብለው አሳቁን። ሳቁ ግን አልቆየም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አለ። ነጻው ይቀጥል ወይስ ይቁም ተብሎ ነዋሪው ይጠየቃል። በባጃጆች ስም እንድናገር እኔን መረጡኝ። «አንተ አፍ አለህ። ብሶቱም ካንተ በላይ የገባው የለም» አሉኝ አያ ሞኝሆዴ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ለሌሎቹም ሳይገባቸው አልቀረም፣ አቀረቀሩ።

ማታ እናትነሽን «ስመኘው ሰላም ይልሻል?» አልኳት።

«ለገባ ሁሉ ሰላም ይላል» አለች።

ለገባ ሁሉ። ይኼ መልስ ነው?

ረቡዕ

ተከተልኳቸው። ማፈሬን ለዚህ ወረቀት ብቻ ነው የምናገረው። ባዶ ባጃጅ ይዤ ከነጻው ኋላ ኋላ።

ሁለት ጎረምሶች አንዱ ማቆሚያ ላይ ገብተው ቀጣዩ ላይ ወረዱ፤ በእግራቸው ቢሄዱ ይቀድሙት ነበር። ድንች የተሸከመች የገጠር ሴት ቦታ አጥታ ቀረች። ደስ አለኝ፣ እሁድ የምለውን አገኘሁ። ነጻው የሚጠቅመው መሐል ከተማ ያለውን፣ መራመድ የሚችለውን ነው። ጫፍ ላይ የሚኖረው ዛሬም ይከፍላል።

ከዚያ እናትነሽን አየኋት። መስኮቱ ጋ ከአንዲት ሴት ጋር ትስቃለች። ስመኘውም ወደ ኋላ ዞር ብሎ ይስቃል። በምን ሳቁ? ቀኑን ሙሉ በምን ሳቁ ስል ዋልኩ። ባለ ድንቿን ሴት ልጭናት እችል እንደነበር ትዝ ያለኝ ከራቅሁ በኋላ ነው።

ሐሙስ

አማቴ ዓይናቸውን ሊታዩ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም መጡ። መናኸሪያ ልቀበላቸው ነበር፤ የቤንዚን ሰልፍ ያዘኝ። ስደርስ የሉም። ጭንቅ ብሎኝ ሆስፒታል ስሮጥ ልጃቸው ጋ ቁጭ ብለዋል። ያደረሳቸው ስመኘው ነው። ከመሪው ወርዶ፣ ክንዳቸውን ይዞ፣ እስከ ካርድ ክፍሉ ድረስ።

የዓይን ሞራ ነው አሏቸው፤ ለሌላ ጊዜ ቀጠሯቸው። እራት ላይ ግን የሞራው ወሬ አልተነሳም።

«ምን ያለ የተባረከ ልጅ ነው! ‹እሜቴ፣ አይቸኩሉ፣ እርስዎ ሳይቀመጡ መኪናው አይንቀሳቀስም› አለኝ። የማን ልጅ ይሆን?»

እናትነሽ ወጥ ጨመረችላቸው።

«ስመኘው ነኝ ብሎኛል። ቆይ... ያኔ ሽማግሌ የላከው?»

«እሱ ነው እማ» አለች እናትነሽ፣ ትሪው ላይ አቀርቅራ።

«እንግዲህ፣ እግዜር ያለው ነው የሚሆን» አሉ። ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንተም ደግ ነህ፣ ይበልጣል።»

አንተም! ስሜን ይበልጣል ብለው ያወጡልኝ ሰዎች ማንን እንደምበልጥ ቢነግሩኝ።

ዓርብ

አላስችለኝ አለ። አማቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠበቅሁና «ለምንድን ነው ከእኔ ጋር የማትሄጂው? ስመኘው ነው?» አልኳት።

ትቆጣለች ስል አልተቆጣችም። ጫማዋን እያሰረች ነበር፤ ማሰሩን ተወችው።

«አንተ፣ አታውቀውም እንጂ፣ እኔን ጭነህ ስትሄድ መንገድ ላይ እጅ ያነሳ ሰው ባለፍህ ቁጥር ከንፈርህን ትመጥጣለህ።»

«እኔ?»

«አንተ። ሁልጊዜ። ቦታ የያዝኩብህ እኔ ነኝ። ጀርባህን እያየሁ ከንፈርህን እየሰማሁ ሥራ እገባለሁ። ነጻው ላይ በእኔ ከንፈሩን የሚመጥ የለም።»

«ስመኘውስ?»

«ስመኘው ሦስት ልጆች አሉት። ረቡዕ ስትከተለን በመስታወት አይቶህ፣ ‹ባልሽ ባዶውን የሚነዳው ለምንድን ነው› ብሎ ነው ያሳቀን።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ቅዳሜ

ገበያ ነው፤ ሥራ ነበር። ነጻው መጨረሻው ላይ ያራገፋቸው ሰዎች ዕቃቸውን ይዘው ባጃጅ ይፈልጋሉ። እዚያ ቆሜ ብዙ ጫንኩ። ከዚህ በፊት እዚያ ቆሜ አላውቅም። ሞልቼ ስሄድ አንድ ሰውዬ እጅ አነሳ፤ አለፍኩት። ከንፈሬ ራሱ መጠጠ። እውነቷን ነው።

እሁድ

አዳራሹ ጢም ብሏል። ገበያው ውስጥ ሱቅ ያላቸው ይቀጥል አሉ። ከከተማው ዳር የመጡ አዛውንት ተነስተው፣ «መሐሉ ይነዳል፣ ዳሩ ይነዳል፤ አንዱ በመኪና፣ አንዱ በንዴት» አሉ። አዳራሹ ፈንድቶ ሳቀ።

ተራዬ ደረሰ። አያ ሞኝሆዴ ከፊት ተቀምጠው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«ይቁም ልል ነው የመጣሁ» አልኩ። «ሚስቴ በእሱ ነው የምትሄድ። አማቴን ዓይናቸው ደክሞ ሆስፒታል ያደረሳቸው እሱ ነው። ይቁም ማለት አልቻልኩም። ግን መናኸሪያ በር ላይ የነበረን ተራ ይመለስልን። ነጻው የሚያልቅበት ቦታ ላይም መቆሚያ ይሰጠን፣ የዳሩን ሰው እኛ እንቀበል። ሸክም ያለበት ሰውም መጀመሪያ ይሳፈር።»

«ሚስቴ» ስል ከኋላ የሳቀ ነበር። ስመኘው አልሳቀም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ራሱን ነቀነቀ። ያ ደግሞ ከሳቅ ይልቅ አናደደኝ።

ሰብሳቢው፣ እናጤነዋለን፣ እስኪወሰን በነበረበት ይቀጥላል አለ። አያ ሞኝሆዴ ስወጣ ሰላም አላሉኝም። ግማሾቹ ደግፈውኛል፣ ግማሾቹ ሚስቱ ገዛችው ይላሉ።

ሰኞ

ቤንዚን የለም። ባጃጄን ግቢ ውስጥ ትቼ ከእናትነሽ ጋር ቁልቁል ወረድኩ። እርምጃዋን ቀነስ አደረገች።

ነጻው መጣ። ስመኘው «ደህና አደራችሁ» አለ። ሁለታችንንም ነው፤ ልብ ብዬ ሰምቻለሁ። እሷ እንዴት እንደምትመልስለትም ሰምቻለሁ። እንደማንኛውም ሰው ነው። ግን ሰማሁ። ይኼ ነገር ከእኔ የሚወጣ አይመስለኝም።

መስኮቱን ለእኔ ለቀቀችልኝ። ስንት ዓመት ሳመላልሳት አንድ ቀን ከጎኗ ተቀምጬ አላውቅም። ስለ እናቷ ዓይን፣ ስለ ካርድ ክፍሉ ወረፋ፣ ስለ አንዲት ባልደረባዋ አወራችኝ። እንዲህ ብዙ እንደምታወራ ረስቼው ኖሯል። ትከሻዋ ትከሻዬን ነካ፣ አላነሳችውም።

ሆስፒታሉ ቶሎ ደረሰብኝ።