የመናፈሻው ግድግዳ ላይ ያለው ወታደር

ፖንሴ፣ ፖርቶ ሪኮ

ልጄ ኔፍታሊ፣ «እማዬ፣ ባርኪኝ» ሳትለኝ ልባርክህ፤ ባለህበት የጦር ሰፈር የካርሜን እመቤታችን በመጎናጸፊያዋ ትሸፍንህ። እኛ ደህና ነን። የአባትህ ስኳር ወርዶለታል፤ ማንጎውም ዘንድሮ ፍሬው በዝቶ ቅርንጫፉ ሊሰበር ነው።

በመናፈሻው ግድግዳ ላይ የዘማቾች መታሰቢያ እንድትሥል ማዘጋጃ ቤቱ የጎረቤታችንን ልጅ ኤኔይዳን መረጣት። አባትህ ኩራቱ አላስችል ብሎት ፎቶህን ሰጣት። ሄጄ ባይ፣ በኮሪያና በቬትናም ከቀሩት መሃል ቆመሃል!

«አጥፊልኝ ልጄ፤ እዚህ ያሉት ሁሉ ሙታን ናቸው» አልኳት።

«ዶኛ ፕሮቪ፣ መልኩን ብቻ እኮ ነው የወሰድኩት» ብላ ሳቀች። ከግድግዳው ሥር አልሄድ ስላት ግን ፊትህን አጥፍታ ጀርባህን ሳለችው። ባሰብኝ።

«አሁን ደግሞ ጥሎኝ እየሄደ ነው!»

«ኧረ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው።»

«እንግዲያው ቤቱን ሳዪለታ!»

ሳለችው፤ በረንዳው ላይ እኔም አለሁ። ሰው ሁሉ አማረ ይላል። እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር እስከ በሩ የቀረህን መንገድ በዓይኔ እለካለሁ።

እግዚአብሔር እርምጃህን ይጠብቅ። የሥዕሉ ምረቃ እሁድ ነው፤ ከዚያ በፊት ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን ድምፅህን አሰማኝ።

እናትህ ፕሮቪዴንሲያ