ያልሰማሁት የአባቶችሽ ስም

ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሰመራ እንደተውሻት ናት፤ ሙቀቱም ያው፣ ንፋሱም ያው። የሳሎኑ ቬንትሌተር ተቃጥሎ ሌላ ገዛሁ። የልጃችንን የሳሮንን ፀጉር ጎረቤታችን ዘምዘም ትሠራታለች። እኔ ቢሮ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ። ሰው ሁሉ «በርትተሃል» ይለኛል። መበርታት ይሁን መደንዘዝ እኔም አላውቀውም፤ በአርባሽ ቀን እንኳ እንባ አልመጣልኝም።

ዛሬ የምጽፍልሽ በሳሮን የቤት ሥራ ምክንያት ነው። መምህሯ በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥራችሁ ኑ አላቸው። የክፍሏ የአፋር ልጆች እዚያው ቆመው አሥራ አምስት አባት ጠርተዋል አለችኝ። የእኔን ወገን ሳልደናቀፍ አስጻፍኳት። አንቺ ጋ ስንደርስ አባትሽን፣ አያትሽን ጠርቼ ቆምኩ።

ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ አዋሽ እናንተ ቤት ዘር ተቆጥሮ ነበር፤ ዝምድና እንዳይኖረን። አባትሽ ሰባቱንም ሲጠሩ እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ፤ ድምፃቸው በመስኮቱ ይሰማኛል። ጆሮዬ ግን የሚጠብቀው «አይገናኙም» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር። እሷ ስትመጣ ተንፈስ አልኩ፤ ስሞቹ አመለጡኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር አንድ ቀን አልጠየቅሁሽም። አባትሽም ካንቺ ቀደሙ።

ቅዳሜ ሳሮንን ይዤ አዋሽ ሄድኩ። ሚሌ ለቁርስ ስንቆም አንቺ የምትወጂው ቤት ገባን፤ በላሁ፣ ምንም አልተሰማኝም። የአባትሽ እህት እትዬ ደስታ አቅፈውን አለቀሱ። እስከ አራተኛው ጠሩልን። አምስተኛው ላይ ሁለት ስም ተቀላቀለባቸው። «እኔ እኮ ሴት ነኝ ልጄ፣ ማን ቁጠሪ ብሎኝ ያውቃል?» አሉ።

ቤት ስንመለስ የቀረውን ስም ፈጥረን እንሙላው፣ መምህርሽ የት ያውቃል አልኳት። ተቆጣችኝ፤ ስትቆጣ ደግሞ ቁርጥ አንቺን ነው የምትመስለው። ሦስቱን መስመር ባዶ ተወችው። ከዚያ እርሳሷን አስቀምጣ ጠየቀችኝ፦ «የእኔ ልጆች ሲቆጥሩ ከእኔ ቀጥሎ አንተ ነህ፣ ከዚያ አያቴ። እማዬስ የት ናት?»

 እንባው አሁንም አልመጣም። እርሳሱን አንስቼ ከሳሮን ስም በላይ፣ ከእኔ ጎን፣ ጥሩወርቅ ብዬ ጻፍኩ።

ናፍቀሽኛል፤ ይህን እንኳ እስከዛሬ ለማንም አላልኩም። ከእንግዲህ ለልጅም ለልጅ ልጅም ስቆጥር ስምሽን አልዘልም። ሴት አይቆጠርም የሚል ካለ ይበል። የአባቶችሽንም ስም በቃሌ ይዣለሁ። ትናንት ሳሮን ፊቷ አስቁማ አስቆጠረችኝ፤ ካንቺ ጀምሬ፣ ከምናውቃቸው አንድም አልሳትኩ።